ያለን አንድ ቅጂ

ያኔ ኪቦርድ ብሎ የሚጠራው አልነበረም፤ ኦርጋን ነበር የምንለው። ነፃነት በመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ አጎቴ ከጣልያን ሲመጣ ለአባቴ ያመጣለት ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ገጀረት ሰፈር ካለው ቤታችን ሳሎን አልወጣም ማለት ይቻላል። ኖታ አያውቅም፣ በጆሮው ነው የሚጫወተው። አንድ የራሱን ዜማ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ፣ ሲጥመው ጊዜ ቁልፏን ተጭኖ እዚያው ኦርጋኑ ውስጥ አስቀመጠው። ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ከቀብር መልስ እናቴ ኦርጋኑን በነጠላ ሸፈነችው። "ዓመቱ ሳይወጣ በዚህ ቤት ሙዚቃ አይሰማም" አለች። ሬድዮው እንኳ ከዜና በኋላ ይዘጋል። እሷን ደግሞ ማን ይናገራታል!

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ኦርጋኑ ያንን ዜማ የሚይዘው ኤሌክትሪክ ወይም ባትሪ እስካለው ድረስ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ካጣ ይጠፋበታል። አዳፕተሩ ደግሞ ተቃጥሏል፣ ምትኩም አልተገኘም። ዓኽርያ ሰፈር ያለ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ብወስደው፣ "ልቀጣጥልልሽ እችላለሁ፣ ኦርጋኑን ቢያቃጥለው ግን እኔን እንዳትይዢኝ" አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ይዤው ተመለስኩ። እንግዲህ ዜማው በባትሪ ብቻ ቀረ። ባትሪውን ለመቀየር ማውጣት ማለት ደግሞ ዜማውን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ አንድ ቀን ከሰዓት ነጠላውን ገልጬ አበራሁት። ኦርጋኑ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የሚበሩት ፊደሎች ደብዝዘው ማንበብ አቃተኝ። ደሜ ፈላ።

"እማዬ፣ ዛሬ ካልቀዳነው በቃ አለቀ! አባዬን ሁለተኛ ልትቀብሪው ነው?" ብዬ ጮህኩባት።

ነጠላውን ከኦርጋኑ ላይ አንስታ አጠፈችው። ከዚያ፣ "በሉ እሺ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ" አለች።

ከአንድ ጊዜ በላይስ መች ይቻላል! ቴፓችን ካሴት መብላት ከጀመረ ቆይቷል፤ ያለን የታናሽ እህቴ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ኦርጋኑን ከሱ የሚያገናኝ ገመድ ከተማውን ዞረን አጣን፣ የተገኘው ማይክሮፎን ብቻ ነው። በማይክሮፎን ሲቀዳ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ አብሮ ይገባል። መስኮቶቹን ዘጋን። የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ጠበቅን፣ ዝም ሲል ደግሞ መብራት እንዳይጠፋ ፈራን። እህቴ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፤ እኔ ማይክሮፎኑን ይዤ ኦርጋኑ ላይ ጎንበስ አልኩ። እናቴ እጇ ሥራ ካልያዘ መቀመጥ አይሆንላትም፣ ጠረጴዛው ጋ የሻሂ በራዷንና ብርጭቆዎቿን ደርድራለች።

"ትንፍሽ እንዳትሉ!" አልኩ። እህቴን አየኋትና በሹክሹክታ፣ "ቅጂ!" አልኳትና ቁልፉን ተጫንኩት።

የአባቴ ዜማ ጀመረ። ወዲያው ከኋላዬ ኩልል የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እናቴ በራዱን አንስታ ሻሂ እየቀዳች ነው! ለእሷ እኮ የሚቀዳ ነገር ሻሂ ነው፤ ቅጂ ሲባል ያዘዝኳት መስሏት። ወይኔ! ማቆም አልችልም፣ መጮህ አልችልም፣ ባትሪው እያለቀ ነው። ዓይኔን አፍጥጬ በእጄ ምልክት ብሰጣት ቀና ብላ አላየችኝም። ብርጭቆውን ሞላች፣ ስኳሩን ወደ ራሷ ሳበች፣ ከዚያ ጮክ ብላ ተናገረች።

"ሽኮር ክንደይ ክገብረልካ?"

ስኳር ስንት ላድርግልህ ማለቷ ነው። ድሮ ከምንኖርበት ከአዲስ አበባ ወደ ወላጆቼ አገር ከተመለስን በኋላም እኛ ልጆቿን በአማርኛ ነው የምታናግረን። ትግርኛው የእሷና የአባቴ ነበር። "ላድርግልህ" ነው ያለችው። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ከሦስታችን ሴቶች በቀር ማንም የለም።

ምልክት የምሰጥበትን እጄን አወረድኩ። እህቴ አፏን በእጇ ይዛለች። እናቴ ማንኪያውን እንደያዘች ቀና ብላ ኦርጋኑን ስታይ፣ ያለችውን ያኔ ራሷ ሰማችው መሰለኝ፣ ፊቷ ተለወጠ። ዜማው እየሰለለ እየሰለለ መጨረሻው ላይ ደረሰ። የኦርጋኑ መስኮት ጠፋ። ደግሜ ቁልፉን ብጫነው ኦርጋኑ ምንም አላለም።

እህቴ የቀዳችውን ከፈተችው። ዜማው ሙሉውን አለ፤ የሻሂው ኩልልታም፣ የእናቴም ጥያቄ ጥርት ብሎ አለ። ሦስታችንም እስኪያልቅ ሰማነው።

"እማዬ፣ ያንቺን ድምፅ ልቁረጠው?" አለቻት እህቴ ቀስ ብላ። "ከዜማው ትንሽ ይነካብኛል እንጂ…"

"ንምንታይ?" አለች እናቴ፤ ለምን ማለቷ ነው። "እሱ እንደሆነ ሲጫወት መች መልሶልኝ ያውቃል!"