ዘሩባቤልን ምን እንበለው?

ዘሩባቤል ቁጭ ብሎ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሲጨርስ አይቼው አላውቅም። ግማሹን ጠጥቶ ይነሣል፤ የሱቁ በር ላይ ቆሞ ወደ ኦቶና ሆስፒታል የሚያልፉትን ባጃጆች ያያል፤ ተመልሶ የቀዘቀዘውን ይጎነጫል። ጎረቤቴ ነው። ሠላሳን አልፏል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሯል። የእንቁላል መፈልፈያው ሙቀቱን ራሱ እንዲጠብቅ፣ የውኃ ፓምፑ ጉድጓዱ ሲደርቅ ራሱ እንዲቆም፣ ኤሌክትሪኩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በኮምፒውተር ይሥላል። ከዚያ ሥዕሉን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ያወርደዋል።

ሥራውን ይወዳል። ዕረፍት የነሣው የሥራው ስም ነው። ደንበኛው "አንተ ሞባይል ጠጋኝ!" ይለዋል። እናቱ ወይዘሮ ሳህሊቱ "መብራት ይሠራል" ይላሉ። ታፔላው ላይ "ሰርኪዩት ዲዛይነር" ብሎ አጻፈ፤ አንዲት ሙሽራ ቬሎ ላሰፋ ብላ መጣች። "ኢንጂነር" ብሎ ቀየረው፤ ሰዉ የቤት ፕላን አዘዘው።

ይህ ሁሉ ያስቀን ነበር፣ ትሕትና እስክትመጣ ድረስ። የበዴሳ ከተማ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የክትባት ማቀዝቀዣው እየቆመ ሲያስቸግር ዘሩባቤል ለእሱ የሚሆን ቦርድ ሠርቶ ሊገጥም ሲሄድ ተዋወቁ። አባቷ አቶ ባዳቾ እህል ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌ ሆነን የሄድነው ሦስት ነን፦ አቶ እሸቴ፣ አቶ ደገፉና እኔ። ለሽምግልና የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ አንድ አፍ ይሆናል፤ እኛ ግን ሚኒባስ ውስጥ የበቆሎ ዋጋ ስናወራ ደረስን።

"ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" አሉ አቶ ባዳቾ።

አቶ እሸቴ "ኢንጂነር"፣ አቶ ደገፉ "ኤሌክትሪሽያን"፣ እኔ "ንድፍ አውጪ" አልን፤ እኩል።

አቶ ባዳቾ ሦስታችንንም በየተራ አዩን። "የእኔ ልጅ አንዲት ናት። እናንተ ግን ሦስት ወንድ ነው ይዛችሁ የመጣችሁት። አንድ አድርጋችሁት ተመለሱ።"

ዘሩባቤል ይህን ሲሰማ ክፍሉን ይዞረው ጀመር። "ጋሼ ደገፉ፣ ሽቦ ጎታች አደረጉኝ?"

"ታዲያ ሽቦ አይደለም የምትጎትተው?"

"እኔ ሽቦው የት እንደሚሄድ ነው የምወስነው!"

"እንግዲያው የሽቦ ሚኒስትር እንበለዋ" አሉ አቶ እሸቴ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በዚህ አገር ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ መባል ሰውን ከጋብቻ ሲያስቀር ኖሯል። እጅ የሠራውን ሁሉም ይጠቀምበታል፤ እጁን ግን አይዛመዱትም። ቀርቷል እንላለን። ስም ለሰው ማደሪያ ነው ወይስ አጥር? ይህን እያሰብኩ እኔም እንደ ልጁ መቀመጫ አጣሁ።

ሁለተኛ ስንሄድ መንገዱን ሙሉ "ኤሌክትሮኒክስ ዲዛይን ኢንጂነር" እያልን አጠናን። ሦስታችንም ሳንሳሳት አልነው።

"ረጅም ነው" አሉ አቶ ባዳቾ። "ረጅም ስም የሚሸፍነው ነገር አያጣም። በእጁ ምንድን ነው የሚሠራው?"

አቶ ደገፉ ሊያግዙን ብለው ቸኮሉ። "ትንንሽ ብረት በእሳት እያቀለጠ ያያይዛል።"

"ቀጥቃጭ ነው በሉኛ!" አሉ አቶ ባዳቾ።

ቀርቷል ያልነው ነገር ለካ ምላስ ሥር ተኝቶ ነበር። ላስረዳ አፌን ስከፍት ትሕትና ከጓዳ ወጣች። በእንዲህ ያለ ቀን ሴት ልጅ አትወጣም።

"አባ፣ ክትባቱ ሊበላሽ ሲል ያን ብረት ሲያቀልጥ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። እሱ ቀጥቃጭ ከሆነ እኔን የቀጥቃጭ ሚስት በሉኝ።"

አባትየው መሬት መሬቱን አዩ። እሺ ሳይባል ሽማግሌ እህል አይቀምስምና እኛም ባዶ እጃችንን አጣጥፈን ጠበቅን። በመጨረሻ አቶ ባዳቾ ወደ ጓዳው ዞሩ፤ "ስሙን ራሷ ከወሰደችው እኔ ምን ቀረኝ? ሥጋውን አምጡላቸው። ማባያውን ዳጣም።"

ሶዶ መናኸሪያ ስንወርድ ዘሩባቤል ከአንዱ ሚኒባስ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ይጠብቀናል።

"ምን ብላችሁ ነገራችኋቸው?" አለኝ፣ ገና እግሬ መሬት ሳይነካ።

"ሰጥተውሃል እኮ፣ ልጄ!"

"እሺ። ግን ምን አላችሁኝ?"

አቶ ደገፉ ፊታቸውን አዞሩ። የሆነውን ሁሉ፣ የእሷን ቃል ሳይቀር፣ ነገርኩት። ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተው፣ ደግሞ አወጣው።

"የቀጥቃጭ ሚስት አለች? በአባቷ ፊት?"

"በእኛም ፊት።"

ሳይደውልላት መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። በማግስቱ ሳልፍ ታፔላው ወርዷል። ሰርጉ ሊደርስ ነው፤ እስካሁን ሌላ አላጻፈም። ባዶዎቹን ሚስማሮች ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ፤ ልጁን ምን እንደምለው ሳላውቅ መንገዴን እቀጥላለሁ።