ጋሽ ዑመር የነገሩን የጎጆ ስሞች

ልጅ ሳለሁ፣ በአሰበ ተፈሪ ከተማ ዳርቻ፣ ምሽት ላይ ተረት የምንሰማው ከጎረቤታችን ከጋሽ ዑመር ነበር። የእሳቸው ተረት እንደ ሌላው ሰው የጅብና የጦጣ አልነበረም፤ የእንግሊዝኛ ቃላት ተረት ነበር። ጣሊያን በወጣ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ለእንግሊዝ ወታደሮች ሲያስተረጉሙ ቆይተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ሀብት ቢኖር ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነው። የሰፈሩ ሰው «ሌላው ከእንግሊዝ ብርድ ልብስ አገኘ፣ ዑመር ወረቀት አገኘ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። የመግሪብ ሶላታቸውን ሰግደው ሲጨርሱ በግቢያቸው የማሽላ አገዳ ያነዱና እኛን ልጆችን ዙሪያውን ያስቀምጡናል። አገዳ ቶሎ ነድዶ ቶሎ ስለሚከስም፣ ጭሱ ዓይናችንን አቃጥሎ ሳያበቃ እሳቱ ፍም ብቻ ይሆንና ፋኖሱ ይለኮሳል። ያኔ መጽሐፉን ይከፍታሉ።

አንድ የጥር ምሽት ጥያቄ ይዤ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን «ቤቴ» በሚል ርዕስ ጽፈን እንድንመጣ፣ የግማሽ ዓመት ውጤት በሚሰጥበት ቀንም በወላጆች ፊት እንድናነብ አዞን ነበር። የእኛ ቤት አባቴ በሞተ ዓመት ጎረቤት ተሰብስቦ የሠራልን የሣር ጎጆ ነው። ጎጆ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጋሽ ዑመርን ጠየቅኋቸው።

«አንድ ስም ብቻ ያለው መሰለሽ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሱ የመጡበትን አገር ነገሩን። «ሀት» የሚባለው ዘሩ ከመሸፈንና ከመሰወር ነው አሉ። «ሼድ» ጥላ ከሚለው ቃል ሳይወጣ አይቀርም። «ሻንቲ» ላይ ሊቃውንቱ ይጣላሉ፤ ግማሾቹ አየርላንዶች አሮጌ ቤት ከሚሉት የመጣ ነው ሲሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ የካናዳ እንጨት ቆራጮች በፈረንሳይኛ የሥራ ቦታቸውን የሚጠሩበት ነው ይላሉ። «ሻክ» ምናልባት ከሜክሲኮ፣ ነጭ ሳይደርስ በፊት የአገሬው ሰው የእንጨት ጎጆውን ከሚጠራበት ቋንቋ የተገኘ ነው። «ሆቭል» ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አቁመው ሳቁ።

«የዚህን ዘር መጽሐፉም አያውቀውም። ወላሂ፣ አላውቅም የሚል መጽሐፍ ደስ ይለኛል!»

እኔ ግን አልሳቅኩም። «ጋሽ ዑመር፣ ለእኛ ቤት የትኛው ይሆናል?» አልኳቸው።

«ዛሬ እንግሊዞቹ አብዛኞቹን የሚሏቸው ፊታቸውን አጨማድደው ነው» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ፣ እኔ ከዚያ ወዲያ ያሉትን አልሰማሁም። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስም መጨረሻው ንቀት ከሆነ ለእናቴ ቤት አንዱንም አልሰጥም ብዬ ወሰንኩ። ኩራት ይሁን እፍረት ዛሬም ለይቼ አላውቀውም።

የንባቡ ቀን እናቴ ሂርና ገበያ ሽንኩርት ልትሸጥ ሄዳ ነበር። ተነሥቼ «ቤታችን የቆርቆሮ ክዳን አለው፤ ሁለት መስኮትም አለው» ብዬ በእንግሊዝኛ አነበብኩ። አስተማሪው ለወላጆች በአማርኛ ተረጎመላቸው። ልጆቻቸውን ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶቻችን አጨበጨቡልኝ፤ እኔም እንደ ሙሽራ ተሽኮርምሜ ተቀመጥኩ።

በሰፈራችን አንድ ልማድ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ጣሪያዋ ሲያረጅ ኑልኝ ብላ አትለምንም። እሷ ከለመነች ሐፍረቱ የጎረቤት ነው። የበልጉ ዝናብ ሳይገባ ሰዉ ራሱ ቀን ቆርጦ፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ እስር ሣር ተሸክሞ ይመጣል። ጉዛ ይባላል፤ ሌላው አገር ደቦ የሚለው ነው። የዚያን ዓመት ግን የካቲት ተጋመሰ፣ ሰማዩ ከበደ፣ ማንም አልመጣም። እናቴ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። «ማንን አስቀየምኩ? የማንን ለቅሶ ቀረሁ?» እያለች ከራሷ ጋር ትሟገታለች። የመጀመሪያው ዝናብ አልጋዋ ላይ ሲያንጠባጥብ አልጋውን ገፋ አድርጋ በቦታው ድስት ደቀነች።

በማግስቱ ጋሽ ዑመር ጠሩኝ። «ቆርቆሮው ከድሬዳዋ መቼ ይደርሳል? ሰው ሁሉ እሱን እየጠበቀ ሣሩን ለሌላ ሰጠ» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። ልጅ በአስተማሪ ፊት ቆማ የሌለ ነገር ታወራለች ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ቆርቆሮ አዝዘን በመንገድ ላይ ያለ መስሏቸው ነበር፤ መጠየቁም ነውር መስሏቸው ሁሉም ዝም ብለዋል። እያለቀስኩ እውነቱን ነገርኳቸው። ጋሽ ዑመር ፂማቸውን እያሻሹ መለሱልኝ።

«ጎጆን አላፊ አግዳሚው ምን እንደሚለው ነግሬሽ፣ ውስጡ የሚኖረው ምን እንደሚለው ሳልነግርሽ ቀረሁ። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው። ለሰፈሩ እኔ እናገራለሁ፤ ለእናትሽ ግን ራስሽ ንገሪ።»

ሄጄ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እሷ ግን ባለችበት ዘፍ ብላ ተቀመጠችና «አልጠሉኝማ! ጎረቤቶቼ አልጠሉኝም!» ብላ አለቀሰች።

ቅዳሜ ሰፈሩ በሙሉ ሣር ተሸክሞ መጣ። አሮጌው ክዳን እየተገፈፈ ሳለ፣ ጣሪያው ላይ የወጣ አንድ ጎረምሳ «እትዬ ታደለች፣ ቆርቆሮውስ የታለ?» ብሎ ጮኸ። እናቴ ሣር እያቀበለችው፣ «እሱ ከልጄ ደብተር እስኪወጣ አንተ ሣሩን አልብስልኝ!» አለችው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ የእሷ ሳቅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ከእነዚያ ቃላት ብዙዎቹ ዛሬ ጠፍተውብኛል። እናቴ ያን ሰሞን አገር የጠላት መስሏት፣ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ኃጢአቷን ስትፈልግ መሰንበቷን ግን አልረሳሁም። ኃጢአቱ የእኔ ነበር፤ እኔም ከጎኗ ተኝቼ ነበር።