መነጽር ውስጥ ያለችው ወላድ፦ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ

ማለዳ፣ ሆሳዕና

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። የነርሲንግ መምህር ነኝ። ዛሬ ዱራሜ ላሉት ተማሪዎች የቪአር መነጽር ይዤ እየሄድኩ ነው። ዓይን ላይ ሲታሰር ማዋለጃ ክፍሉን ከነወላዷ እውነት አስመስሎ ያሳያል። የሚኒባሱ ሹፌር ሸምሱ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ ብዬ ጉልበቴ ላይ አቀፍኩት። እንቁላል ነው እንዴ የያዝከው ብሎ ሳቀብኝ።

ረፋድ፣ አንጋጫ

ግራና ቀኙ እንሰት፣ ዝናብ ያጠበው ቀይ አፈር፣ መንገድ ዳር የተደረደረ የድንች ጆንያ። ለቁርስ ቆምን። የቡላ ገንፏችንን እንደጨረስን ሸምሱ መነጽሩን ካላየሁ አለ። አሰርኩለት። ምጥ የያዛትን ሴት ሲያይ ደንግጦ ዞረ፤ በዚያም በኩል አዋላጇ ቆማለች።

«ይቅርታ እህቴ፣ በር ተሳስቼ ነው የገባሁት» አላት፣ አንገቱን ደፍቶ።

ምግብ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። መነጽሩን አውልቆ፣ ላቡን እየጠረገ ወደ መኪናው ሄደ።

ቀትር፣ ዱራሜ

ተማሪዎቹ መነጽሩን ተሻሙ። ምሕረት ብቻ ከኋላ ተቀምጣለች። ከወር በፊት ማዋለጃ ክፍል ገብታ ደም ስታይ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር፤ ትምህርቱን ልትተወው እንደሆነ ጓደኞቿ ነገሩኝ። አንዴ ሞክሪው ብዬ ለመንኳት።

«ቲቸር፣ ብወድቅስ?»

ፍራሽ አነጠፍንላት። ደሙ ሲመጣም አልወደቀችም። መነጽር ውስጥ ያለችው ወላድ የምታውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ምሕረት ይህን ረስታ፣ የሴትዮዋን እጅ የያዘች ይመስል አየሩን ጨብጣ በከምባትኛ ታጽናናት ጀመር። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሴትዮዋ እንደማትሰማት ነገርኳት።

«የምለውን እኔ እሰማዋለሁ፣ ቲቸር» አለች፣ እጇን ሳትለቅ።

ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ጤና ጣቢያ በር ላይ

የእውነቷ ወላድ መጣች። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ምሕረትን ከጎኔ ሁኚ ብላ ይዛት ገባች። ተሳፋሪዎቹን ጭኖ ሊወስደኝ የመጣው ሸምሱ፣ የመመለሻ ሰዓቱ ደርሶ ሳለ፣ ውጤቱንማ ሳንሰማ አንሄድም ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪዎቹም አላጉረመረሙም፤ ግማሾቹ ወርደው ከእኛ ጋር ቆሙ። እኔ ጆሮዬን አቁሜ፣ አሁን ሰው ወደቀ የሚል ድምፅ መጣ እያልኩ እጠብቃለሁ። የመጣው የሕፃን ለቅሶ ነው።

ምሕረት በላብ ተነክራ ወጣች። ሴት ናት አለችንና ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ደንግጬ ሮጥኩ።

«አልወደቅኩም» አለችኝ፣ «ተቀመጥኩ እንጂ።»

ትንሽ ካረፈች በኋላ ልሸኝህ ብላ እስከ ሚኒባሱ አብራኝ መጣች። ስለ ትምህርቷ ምን እንደወሰነች ልጠይቃት አፌን ስከፍት ሌላ ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ ደረሰች። ምሕረት ቻው እንኳ ሳትለኝ ጓንት እየጠየቀች ሮጣ ገባች።

ወደ ሆሳዕና ስንመለስ ሸምሱ ምን አለችህ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አላለችኝም አልኩት፣ ፈገግታዬን መሸሸግ አቅቶኝ።