ከሽንት ቤቴ ጀርባ የወጣው ወርቅ

ወርቅ የምሠራባት ክፍል ቁስቋም ካለው ቤቴ ጋር የተያያዘች ናት፤ ከጥበቷ የተነሣ አንድ ደንበኛ ሊያስነጥስ ሲል ሌላው ይወጣል። አያ የምላቸው የእናቴ አገር ሰው ከአዲ አርቃይ በታች ካለ ወንዝ ወርቅ አጥበው ያመጡልኛል። የትኛው ወንዝ እንደሆነ ግን ለሚስታቸው እንኳ አልተነፈሱም። ከሁሉ የሚፈሩት የሚስታቸውን ወንድም ነው፤ ያ ሰው ቦታውን ካወቀ ወንዙን ከነእንቁራሪቱ ጠቅልሎ ይወስደዋል።

ባለፈው ዓመት ወርቁን የሚረከበን ድርጅት አንዲት ባለሙያ ላከ። አያም በአጋጣሚ እኔ ዘንድ ነበሩ።

“ከእንግዲህ በብሎክቼን ያልተመዘገበ ወርቅ አንገዛም” አለች።

“ብሎኬት?” አሉ አያ።

“ብሎክቼን፣ አባት። መዝገብ ነው። በአንድ ሰው እጅ ሳይሆን በብዙ ኮምፒውተር ላይ ተያይዞ ይቀመጣል። ወርቁ ከየት እንደወጣ፣ ማን እንደገዛው፣ ሁሉም ይገባበታል። አንዴ ከገባ ማንም አይሰርዘውም። ስምዎን ጽፎ የፈለገ ሁሉ ያየዋል።”

“የሚስቴ ወንድምም?”

ሳቀች። “ስልክ ካላቸው፣ አዎ።”

“ሁለት አለው” አሉና ወርቃቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

እኔም ዕድሜዬን ሙሉ መዳብ ወርቅ ነኝ እያለ ሲመጣብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እየሳቀ የሚያስረዳኝን ሰው አላምንም። ደግሞም ባለሙያዋ አመዘጋገቡን ስታሳየን፣ ስልኩ የሚይዘው ወርቅ አውጪው ቁልፉን ሲጫን የቆመበትን ቦታ ብቻ መሆኑን ልብ ብያለሁ።

“ምነው አያ፣ እኔ ጓሮ ቆመው ቢጫኑትስ?” አልኳቸው ባለሙያዋ ስትወጣ።

ጓሮዬ ውስጥ መቆሚያ የተገኘው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ብቻ ነው። ተጫኑት። ተመዘገበ፤ ወርቁም ሄደ። ይኸው አንዲት የሩቅ አገር ሙሽራ የሽንት ቤቴን ወርቅ ጣቷ ላይ አድርጋ ትኮራ ይሆናል።

በሳምንቱ የሚስታቸው ወንድም ዶማ ተሸክሞ በሬን አንኳኳ።

“ሽንት ቤትህ አርጅቷል አሉ። በነፃ አዲስ ልቆፍርልህ?”

“ማን ነገረህ?”

“ሰው ነዋ!” አለና ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ።

ሦስት ቀን ቆፈረ። እያንዳንዷን አካፋ አፈር በሳፋ አጠባት። ጉድጓዱ ሸጋ ነው፤ ሲጮኹበት ማሚቶው የሚመልሰው ከጣና ማዶ ነው።

አያ በሌላ ጊዜ ሲመጡ ይህን ነግሬያቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ይሄኔ ነው ብዬ፣ “ወንዙ ግን የት ነው?” አልኳቸው።

“መጀመሪያ ስልክህን አጥፋ።”

አጠፋሁና ጆሮዬን አስጠጋሁ።

“ሁለተኛውንስ?” አሉ።

ሁለተኛ የለኝም ብዬ ብምል ብገዘት፣ እስከ ዛሬ አላመኑኝም።