አራተኛው ቁልፍ

ባሌ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው በር ሲከፍት ኖሮ፣ ለእርጅናችን ትሁነን ብለን ዘንድሮ አንዲት ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዛን፤ ልናከራያት። ግማሹ የባንክ ብድር ነው፤ መያዣው ደግሞ የምንኖርባት ቤት። ኪራዩ ከተቋረጠ ሁለቱንም እናጣለን። ያን ወረቀት ከፈረመ ወዲህ ባሌ ሰው መሆኑ ቀረ።

የመጀመሪያዋ ተከራያችን ነርስ ናት፤ ከትንሽ ሴት ልጇ ጋር ገባች። ጭምት ናት፣ ኪራይዋንም ቀን አታሳልፍም። ሌላው ቢሆን ተመስገን ብሎ ይተኛል፤ የእኔው ጉድ ግን እህል አልበላ አለው። "ምድጃ ሳታጠፋ ወጥታ ቢሆንስ?" ይላል። "ልጅቷ መስኮት ብትሰብርስ?" ደመና በጠቆረ ቁጥር ተነስቶ ይንቆራጠጣል።

"አንተ ሰውዬ፣ ቤት ነው ያከራየኸው ወይስ ልጅ ነው የዳርከው?" አልኩት።

የመሣሪያ ሳጥኑን አንስቶ ወጣ። ወዴት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ገላገለኝ ብዬ ተውኩት።

አንድ ረቡዕ ምሳውን ይዤለት ሱቁ ስደርስ ነርሷ ቆማለች።

"ጋሼ፣ የበሩን ሰረገላ ቁልፍ ይቀይሩልኝ" አለችው። "እኛ በሌለንበት ሰው ይገባል።"

"ምን ተሰረቀ?" አልኩ ቀድሜ።

"ምንም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነበረኝ። ሰኞ ዕለት ከሥራ ስመለስ ተጠግኗል። ልጄ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን መታጠቢያ ቤት እንኳ አልገባም አለች። እንዲህ ከሆነ እንለቃለን።"

ባሌን ባየው ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ገባኝ። ቤቱን ሲያስረክባት "ያለው ይኸው ሦስት ቁልፍ ነው" ብሎ በእጇ ሲቆጥርላት አጠገቡ ነበርኩ። ይህ ሰው ከማንም ደንበኛ ቁልፍ አስቀርቶ አያውቅም፤ እንጀራችን ያደረው በዚህ እምነት ነው። ለገዛ ቤቱ ሲሆን ግን አራተኛ አስቀርቷል። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ፤ ተከራይ እንዳትለቅበት ሲሳሳ ራሱ ሊያስለቅቃት ነው። ከተናገረ ደግሞ ስሙ አለቀ። ሰው ቤት ሰተት ብሎ ለሚገባ ቁልፍ ቀራጭ ማን በሩን ያሳየዋል?

ባሌ አዲስ ሰረገላ ከመደርደሪያ አወረደ። አብረውት ያሉት ሁለት ቁልፎች ነበሩ፤ ለልጅቷ ሦስተኛ ቀረጸ። ከዚያ እጁ ወደ ሳጥኑ ሄዶ ሌላ ያልተቀረጸ ቁልፍ አነሳ። አየሁት። ሆን ብዬ ሳልኩ። ቁልፉን ወደ ሳጥኑ መለሰው። ቀጥሎ ከሸሚዝ ኪሱ አንድ አሮጌ ቁልፍ አውጥቶ ነርሷ ፊት አስቀመጠ።

"የገባሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ቤቱ አሳስቦኝ ነው፤ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ አገኘሁት።"

ነርሷ ቁልፉን እንጂ እሱን አላየችም። "አውቄአለሁ" አለች። "ሌባ ቧንቧ አይጠግንም። ከአፍዎ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።"

ሰረገላውንና ሦስቱን ቁልፍ ይዛ ሄደች። በሌላ ሰው ታስገጥመው እንደሆነ እንኳ አልነገረችንም። ትቆይ እንደሆነ ትለቅ እንደሆነም አላወቅንም። ከዚያ በኋላ እህል አልበላ ያለኝ እኔን ነው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ክው እላለሁ።

ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ደወለች። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነን፣ ኑ አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሄድን። ባሌ በሩ ጋ ሲደርስ እጁ እንደ ልማዱ ኪሱ ገባ፤ ባዶ ነው። አውጥቶ አንኳኳ።

"ማነው?" አለች ትንሿ ልጅ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ" አለ ባሌ። "ያኔ ቧንቧ የጠገንኩት ሽማግሌ። ዛሬ አንኳኩቼ ነው።"

"እማዬን ልጠይቃት" አለች፤ እግሯ ወደ ውስጥ ሲሮጥ ተሰማን።

ባሌ እጄን ያዘኝ። የገዛ ቤታችን ደጅ ላይ ቆመን ጠበቅን።