አሥራ አንድ እሁድ ወደ አሌክሳንድሪያ

መንጃ ፈቃዴን ያገኘሁት በሰባተኛው ፈተና ነው። በመጨረሻ ፈታኙ ገና ከሩቅ ሲያየኝ መሳቅ ጀምሮ ነበር። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ስለዚህ ሰው «ተይው፣ አይሆንም» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ነው የኖርኩት። ይህን ለመኩራራት አይደለም የማነሳው። ቀጥሎ የምጽፈውን ሳስብ ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም።

ሁለት እህትማማቾች ጓደኞች ነበሩኝ። ታላቅየዋ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፤ ታናሽየዋ እዚሁ እኔ ሕንጻ ውስጥ፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ በላይ። ታላቅየዋ ለነርስነት ፈተና ስትዘጋጅ አባታቸው አዲስ አበባ አረፉ። ታናሽየዋ መርዶውን የሰማች ዕለት እያለቀሰች የመጣችው እኔ ጋ ነው።

«እንዴት ብዬ ልንገራት?» አለችኝ።

«አትነግሪያትም» አልኳት። «ፈተናዋ ይለፍ። ሁለት ዓመት የለፋችበትን ልታበላሺባት ነው? ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሰብስበን፣ በወጉ፣ በማለዳ እንነግራታለን።»

አንገራገረች። «ትቀየመኛለች» አለች። እኔ ግን እንደ ልማዴ አልለቀቅኳትም፤ እሺ እስክትል ድረስ ሙጭጭ አልኩባት።

ሦስት ሳምንት ደበቅን። ታላቅየዋ «አባዬን አገናኙኝ» ስትል አገር ቤት ያሉት ዘመዶቿ «ጸበል ሄደዋል፣ እዚያ ስልክ አይሠራም» ይሏታል። ፈተናውን አለፈች። ማለፏን ለአባቷ ልትነግር ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች። በማግስቱ ማለዳ አሥራ አምስት ሰው ሆነን በሯን አንኳኳን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስታየን ወዲያው ገባት።

አልቅሳ ሲወጣላት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መቼ?» ሦስት ሳምንት መሆኑን ስትሰማ ወደ እህቷ ዞረች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

ታናሽየዋ አንገቷን ደፋች። እኔ በዚያች ሰዓት ለለቀስተኛው ሻይ እቀዳ ነበር። መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታላቅየዋ እህቷን ማነጋገር ተወች። እኔም ላስታርቃቸው ተነሳሁ። ነገሩ ሲሳካ ሰው ሁሉ «እሷ ናት ያስታረቀቻቸው» ሲል ይሰማኝ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ። በመጀመሪያው እሁድ «እባክሽ ስለ እሷ አታንሺብኝ። ልቤ ሲመለስ እኔው ራሴ ኮል አደርግላታለሁ» አለችኝ። ይህን እንደ እምቢታ አልቆጠርኩትም። በእኛ ቤት «ጠግቤያለሁ» ያለ እንግዳ ጠግቧል ማለት አይደለም፤ በሞቴ ተብሎ ይጎርሳል። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። እሷ «ተይኝ» ባለች ቁጥር እኔ የምሰማው «በሚቀጥለው እሁድ ነይ» የሚል ነበር።

ሦስተኛው እሁድ ላይ «ሺፍት አለኝ» አለችኝ። ፓርኪንግ ውስጥ ጠብቄ፣ የሥራ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ያዝኳት። በአምስተኛው ከስፕሪንግፊልድ አንድ አባት፣ ከፌርፋክስ አንዲት እናት ሽማግሌ አድርጌ ወሰድኩ። ጉልበታቸውን ስማ ተቀበለቻቸው፣ ምሳ አቀረበች።

«እናንተን አሳፍሬ አልመልስም። ግን ጊዜ ስጡኝ» አለቻቸው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አባባ ወደ እኔ ዞር አሉ። «ልጄ፣ ልጅቷ ጊዜ ጠይቃለች። ሽማግሌ ጊዜ ሲጠየቅ ይሰጣል። ተያት እንግዲህ።»

«እሺ አባባ፣ እንዳሉት» አልኳቸው። በሚቀጥለው እሁድ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ።

ባሌ እንኳን «ማርም ሲበዛ ይመራል» ብሎኝ ነበር። «አንተ ምን አለብህ፣ ሶፋህ ላይ ተጋድመህ ኳስህን እይ» ብዬ በሩን ላዩ ላይ ዘግቼበት ወጣሁ። በስምንተኛው እሁድ «ዛሬ አትምጪ፣ ደክሞኛል» የሚል ቴክስት ላከችልኝ። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ አረንጓዴ ሲበራ ነዳሁ። በዘጠነኛውና በአሥረኛውም እንዲሁ። በሩን ግን ሁልጊዜ ትከፍትልኝ ነበር። ብትጠላኝ ኖሮ ትከፍትልኝ ነበር? እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

በአሥራ አንደኛው ታናሽየዋን «ፈቅዳለች፣ ነይ አለችሽ» ብዬ ዋሸኋት። መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ወሰድኳት። ታላቅየዋ በሩን ስትከፍት እህቷ እግሯ ላይ ወደቀች። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ ያሰብኩት ሊሆን ነው ብዬ እንባዬን እያበስኩ ነበር።

ታላቅየዋ ጎንበስ ብላ እህቷን አነሳቻትና ክንዷን እንደያዘች እኔን አየችኝ።

«በለቅሶው ሳምንት ደብዳቤ ጽፋልኛለች» አለችኝ። «አትንገሪያት ያለቻት ማን እንደሆነች ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ስንቴ ልደውልላት ስልኩን እንዳነሳሁ ታውቂያለሽ? አንቺ ትመጪና ስለ እሷ ጥፋት ታወሪኛለሽ፤ ልቤ ይቆስላል፣ ስልኩን መልሼ አስቀምጠዋለሁ።»

ታናሽየዋ መሬት መሬት ታያለች። ይህን ሁሉ ጊዜ ኤሌቬተር ውስጥ ስንገናኝ አንድም ቀን «በአንቺ ምክር ነው» ብላ አልወቀሰችኝም።

«በየእሁዱ በሩን የምከፍትልሽ ለምን ይመስልሻል?» አለች ታላቅየዋ። «ዛሬ ትናገረዋለች፣ ዛሬ እኔ ነኝ ያደረግሁት ትለኛለች እያልኩ ነበር።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ከአፌ የወጣው ግን «እኔ ለእናንተ ብዬ ነው» የሚል ነበር።

«ከእንግዲህ አትምጪ» አለችና እህቷን ይዛ ገባች። በሩ በቀስታ ተዘጋ።

ፓርኪንግ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ታናሽየዋን የማደርሳት እኔ ስለሆንኩ ነው አልኩ ለራሴ፤ እውነቱ ግን ወደ ላይ የሚጠራኝ ሰው እየጠበቅሁ ነበር። ማንም አልጠራኝም። ታናሽየዋን ያን ዕለት ያደረሰቻት እህቷ ናት።

አሁን ሰላም ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የታላቅየዋን መኪና ከእኛ ሕንጻ ሥር ቆሞ አየዋለሁ። ጠዋት ትመጣለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች። ድልድይ የለ፣ ቤልትዌይ የለ፤ ሁለት ፎቅ መውጣት ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ለማለትም ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ነጠላዬን አንስቼ እስከ ኤሌቬተሩ ሄጄ የተመለስኩባቸው ቅዳሜዎች አሉ።

አትምጪ ብላኛለች፣ ቃሏን ላክብር እላለሁ። ከዚያ በፊት አትምጪ ስትለኝ ግን አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።