ሙሽራ ጭኜ በካሚዮን መሃል

ሥራ የጀመርሁ ቀን መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ መውደቅ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ የጣልያኑ ጭነት ኩባንያ ግቢ ውስጥ፣ ሹፌሩ ሁሉ ቆሞ እያየኝ የሞተር ብስክሌቱን ፍሪሲዮን ድንገት ለቀቅሁት። ሞተሩ ከሥሬ አምልጦ ሄደ፣ እኔ ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። ሳቁ እስከ ገበያው ተሰማ።

ያነሣኝ ጋሼ ኪዳነ ነው። የአስመራ ሰው ነው፣ የግቢው የመካኒኮች አለቃ። ክንዴን ይዞ አቆመኝና «መሬቱን በደንብ አይተኸዋል፤ አሁን ደግሞ መንገዱን እይ» አለኝ። የዚያኑ ቀን ማርሽ ማስገባት፣ ካንዴላ ፈትቶ መጥረግ፣ ፍሬን ማጥበቅ አሳየኝ። በሳምንቱ ብቻዬን ወጣሁ።

ሥራዬ የኩባንያውን ፖስታና ትንንሽ የመኪና ዕቃ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን ማመላለስ ነበር። «ለጣልያን አደርህ!» ያለኝ ብዙ ነው፤ አልፈርድበትም፣ እኔንም ይቆጠቁጠኝ ነበር። እንጀራ ሆኖብኝ ነው። ሞተሩን ግን፣ ልዋሽ እንዴ? ሞተሩን ወደድሁት። ኧረ አበድሁለት! ነፋሱ ፊቴን ሲመታው እንደ እብድ ብቻዬን እስቅ ነበር።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አርበኞች ሌሊት አንድ ቦታ ይቆርጡታል፤ ጠዋት ካሚዮኑ ሁሉ ከተቆረጠው ቦታ ጀምሮ ወደ ኋላ ይደረደራል። መጠገኑ እስኪያልቅ አንዱ አንዱን ልቅደም ሲል በሁለት ረድፍ ይቆልፉታል። በዚያ ላይ አህያው፣ የእህል ጭነቱ፣ ገበያተኛው። ዳሩ ቦይ ነው፤ በቅሎ እንኳ አያሳልፍም። በሁለቱ የካሚዮን ረድፍ መሃል ግን አንዲት ቀጭን ቀዳዳ ትቀራለች። የኔ እንጀራ እሷ ነበረች።

ጋሼ ኪዳነ ስለዚች ቀዳዳ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የሹፌሩን መስታወት እይ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ካላየህ እሱም አላየህምና አትግባ።» ማን ይሰማዋል! እኔ ቀዳዳውን የምለካው በጉልበቴ ነበር። ጉልበቴ ካለፈ ሌላው ያልፋል። ስለዚህ ጉልበቴ ሁልጊዜ የተላጠ ነው፤ እናቴ «ምነው ልጄ፣ በጉልበትህ ነው እንዴ የምትሄደው?» ትለኝ ነበር።

ሹፌሮቹ ደግሞ አይወዱኝም። እነሱ ፀሐይ ላይ ተገትረው እኔ በመሃላቸው ሽው ስል እንዴት ይውደዱኝ? «ዛንዛራ!» ይሉኛል፣ ቢንቢ ማለታቸው ነው። አንዱ የብርቱካን ልጣጭ ይወረውርብኛል፣ አንዱ ጆሮዬ ሥር ክላክስ ይነፋል። ባለ አህዮቹ «እግርህን ይስበረውና!» ይሉኛል። ቤፔ የሚባለው ወፍራም ጣልያን ግን ከሁሉ ይብሳል። የሞተሬን ድምፅ ሲሰማ የካሚዮኑን በር ወለል አድርጎ ይከፍትና ቀዳዳዬን ይዘጋዋል። ከዚያ ሲጋራውን ይለኩሳል፤ እስኪጨርስ እቆማለሁ።

እንግዲህ ያቺ ቀን መጣች። እሑድ ናት፣ በማግስቱ ሁዳዴ ይገባል። ለተበላሸ ካሚዮን ዕቃ አድርሼ ስመለስ፣ ሉማሜን አለፍ እንዳልሁ መንገዱ ተቆልፏል። ከመጨረሻው ካሚዮን ኋላ ዳር ላይ አንድ ሙሽራ ቆሟል። ካባ ለብሷል፣ ጃንጥላ ይዟል፣ አጠገቡ ሽማግሌ ሚዜው ራሱን ይዞ ይንጎራደዳል። በቅሎ የለ፣ አጃቢ የለ። አንዱ ሹፌር ክላክስ ሲነፋ በቅሎዎቹ ደንብረው በእርሻው ውስጥ ጠፍተዋል፤ አጃቢው በቅሎ ፍለጋ ተበትኗል።

ሚዜው የሞተሬን መሪ ያዘ። «የኔ ወንድም፣ በማርያም ይዤሃለሁ! ዲያቆን ይትባረክ ይባላል፣ የደብረ ወርቅ ተማሪ ነው። ዛሬ በተክሊል ሊቆርብ ነው። ወንጌል ሳይነበብ ካልደረሰ መቁረብ የለም፤ ነገ ደግሞ ጾም ነው፣ ሠርግ የለም።»

«ከፋሲካ በኋላ ያግባ እንጂ» አልሁ፣ እንደ ቀልድ።

ሙሽራው ራሱ መለሰልኝ። «በዚህ በመንገዱ ሰበብ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ፈርሶብኛል። አባትዮው ዛሬ ከቀረህ ልጄን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎ ምሏል። ጥሩወርቅ አሁን ቤተ ክርስቲያን ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።» አንጀቴን በላው።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ የኩባንያው ሞተር ላይ ሰው የጫነ ይባረራል። የኩባንያው አለቃ፣ ጣልያኑ፣ ሲቀጥረኝ በጣቱ ደረቴን እየነካ ነግሮኛል። እኔም ለሙሽራው ነገርሁት፤ ከዚያ ደግሞ «ውጣ!» አልሁት።

ሊወጣ ሲል አቆመኝ። «አንድ ነገር አለ። ዝንብ እንኳ አፌ ከገባ ጾሜ ፈረሰ፣ ቁርባን የለም። ሰውነቴ ተልጦ ደም ከታየም እንደዚያው ነው።»

ወይ ጉድ! የኔ አነዳድ እኮ ሌላ ምንም አይደለም፤ ዝንብ መብላትና ጉልበት መላጥ ነው።

ሚዜው ነጠላውን አጣጥፎ በሙሽራው አፍ ላይ ጠመጠመለት። ሙሽራው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ወጣ፤ ካባውን ሰብስቦ ቂጡ ሥር አስገባ። የሞተር ነገር አያውቅም፤ በተቀመጠበት በተረከዙ የሞተሩን ጎን ኮልኮል አደረገው። በቅሎ መሰለው! እኔም ልክ በዚያው ጊዜ ቤንዚን ሰጠሁት፤ ሞተሩ ሲፈናጠር በሱ ኩልኮላ የሄደ መስሎት መንገዱን ሙሉ ሲኮለኩለው ዋለ።

በጉልበቴ መለካት ቀረ። የሙሽራው ጉልበት ከኔ ወጣ ያለ ነው፣ አንድ ብሎን ቢነካው አለቀልን። ያኔ የጋሼ ኪዳነ ነገር ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው ካሚዮን ዘንድ ስደርስ ዝግ አልሁና መስታወቱን አየሁ፤ ሹፌሩ ወደ ሜዳው ዞሮ አፍጧል። ክላክስ ብነፋ ይናደዳል። ሙሽራው መናገር አይችል፤ የታጠፈ ጃንጥላውን ሰድዶ በሩን ቆርቆር፣ ቆርቆር አደረገው። ሹፌሩ ዞረ፣ ዓይኑ በመስታወቱ ካይኔ ጋር ገጠመ፣ ከዚያም ኋላዬ ያለውን አየ። አፉን ከፍቶ ቀረ። መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዘልን፤ አለፍን።

ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ከዚያ ቤፔ ዘንድ ደረስን። በሩ ወለል ብሏል፣ ሲጋራው አፉ ላይ ነው። ሙሽራው በጃንጥላው የተከፈተውን በር በትሕትና መታ መታ አደረገ። ቤፔ አንገቱን አወጣ፤ አፉ የታሰረ ካባ ለባሽ ሲያይ ደነገጠና «ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተ! ሊያገባ ነው!» አልሁት። «ስፖዞ!» ሙሽራ ማለት በእነሱ ቋንቋ ነው።

ቤፔ ሲጋራውን ተፋው። ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀና በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው። ወደፊት ላሉት ሁሉ «ስፖዞ! ስፖዞ!» እያለ ጮኸ፣ ክላክሱን ሳያቋርጥ ነፋው። የፊተኛው ተቀበለ፣ ከሱ ፊት ያለውም ተቀበለ። ካሚዮኑ ሁሉ ግራና ቀኝ መጠጋት ጀመረ። ገበያተኞቹ ሴቶች ነገሩ ሲገባቸው እልልታውን አቀለጡት! ትናንት «ይስበርህ» ያለኝ ባለ አህያ አህያውን ቦይ ውስጥ ጎትቶ «እለፍ የኔ ጌታ!» ይላል። እሰይ! እኔም እየሳቅሁ እጮሃለሁ፣ ሙሽራው ከኋላ ይኮለኩላል። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አገሬን የያዘ ሰው እያመሰገንሁ አይደለም፤ የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ታዲያ ደስታ ሙሉ አይሆንም፤ በመሃል አንዲት ትንሽ መኪና ቀዳዳዋን ዘግታ ቆማለች። የአለቃዬ ናት። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ምንድን ነው የጫንኸው?»

«ዕቃ ነው፣ ሲኞር።»

«ዕቃው ጃንጥላ ይዟል!»

«ፀሐይ እንዳይመታው ነው፣ ሲኞር።»

ሙሽራው አፉን ሳይከፍት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው። የአለቃዬ ፊት በርበሬ መሰለ። ግን ምን ያድርግ? ከኋላ ክላክሱ፣ ከጎን እልልታው፣ ከፊት ሹፌሮቹ በእጃቸው ልቀቅላቸው እያሉት። ማርሽ አስገባና ወደ ዳር ተጠጋ። «ነገ ቢሮ!» ያለኝን ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍሁት። ትንሽ እንደሄድን የተቆረጠው ቦታ ደረስን፤ ካሚዮን የማያሳልፍ ጠባብ ድልድይ ተሠርቶበት ነበርና ወርደን ሞተሩን እየገፋን ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ክፍት ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ያለች የገጠር ማርያም ናት። ሞተሩን ከቅጥሩ ውጭ አጠፋሁ። አማቱ በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ጥሩወርቅ ከኋላቸው ተከናንባለች። «ወንጌሉ ተነበበ?» አልሁ። «ሊወጣ ነው» አሉ አማቱ፤ በትራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ቄሱ ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ልጄ፣ ከአፍህ የገባ ነገር አለ? የተላጥኸውስ?»

ዲያቆን ይትባረክ ነጠላውን ፈታ። ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብሎ መጥቶ መጀመሪያ የተናገረው ይህን ነው፤ «የለም፣ አባቴ። የዚህን ወንድሜን ግን እንጃ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እየሳቅሁ ነው የመጣሁት፤ ጥርሴ ዝንብና ትንኝ ብቻ ሆኗል። ቄሱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጥሩወርቅ በተከናነበችበት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ ለካ ስትስቅ ነው። ከዚያ ገቡ፤ ቆረቡ።

ሰኞ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ አላባረረኝም፤ ሞተሩን ግን ቀማኝ። ሁዳዴውን በሙሉ ከጋሼ ኪዳነ ጋር ካሚዮን ሥር ተኝቼ ግራሶ ስቀባ ከረምሁ። ጋሼ ኪዳነ «መስታወቱን አየህ?» ሲለኝ «አየሁ» አልሁት። ከፋሲካ በኋላ ሞተሩ ተመለሰልኝ። በእኔ ቦታ የተተካው ሰው በካሚዮን መሃል ማለፍ አልሆነለትም፤ ሹፌሮቹ መንገድ ይዘጉበታል። እኔን ሲያዩ ግን ቤፔ እንኳ በሩን ዘግቶ እጁን በመስኮት ያወጣና «ስፖዞው ደኅና ነው?» እያለ ያሳልፈኛል።

ይትባረክ ቅስና ተቀብሎ ልጆቼን ሁሉ ያጠመቀልኝ እሱ ነው። ሞተር ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣም፤ በቅሎ ይሻለኛል ይላል።

እናንተ አሁን የምትነዱ ልጆች፣ በሁለት መኪና መሃል ስትገቡ ጉልበታችሁን አትለኩ። የሹፌሩን ዓይን በመስታወቱ ፈልጉ። ካያችሁት እለፉ፤ ካላያችሁት ቁሙ።